ባሌና «አራተኛ ፎቅ»

ባሌን የሚያውቀው ሁሉ «ዝምተኛ ነው» ይለዋል። እኔ የማውቀው ግን ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ሳሎን ብቻውን ቁጭ ብሎ ጎረቤት እስኪሰማ የሚስቅ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ሲያስቀው ያየሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «አራተኛ ፎቅ» የሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው።

ላላየው ሰው ባጭሩ ልናገር፤ በረጅሙማ ባሌን መጠየቅ ነው፣ ጊዜ ያለው ሰው ከሆነ። በአንድ አሮጌ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቆንቋና ሽማግሌና አንዲት ምላሷ የሚፋጅ መበለት ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። እሱ ግድግዳውን በጫማ ይደበድባል፣ እሷ በመጥረጊያ እንጨት መልሱን ትሰጠዋለች። እንደሚዋደዱ ከሁለቱ በስተቀር ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። የውጭ አገር ሥራ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ድምፅ ተሰጥቶት ነው የሚተላለፈው። ሃምሳ ሁለት ክፍል ታየ። በሃምሳ ሁለተኛው ላይ ሽማግሌው ክራቫት አስሮ የመበለቷን በር አንኳኳ፤ የበሩ እጀታ ዞር ማለት ሲጀምር ሙዚቃው ገባና አለቀ። ጣቢያው ከዚያ ወዲህ ያለውን አላሳየም። ለምን እንደሆነም የነገረን የለም። ይኼ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

ባሌ ያንኑ ሃምሳ ሁለት ክፍል መጀመሪያ በካሴት፣ ካሴቱ ሲበላሽ በሲዲ፣ ሲዲው ሲጫጫር ደግሞ ልጃችን በፍላሽ ገልብጣለት፣ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት እያደረገ ያያል። ሲያልቅ ከአንድ ይጀምራል። እኔ ያን ጊዜ ኩሽና ነኝ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ሳላየው በጆሮዬ ብቻ ሸመደድኩት። የገዛ እህቴን ስልክ ቁጥር አላውቅም፤ የዚያችን መበለት ስድብ ግን አንዷንም አልስትም። ቆሽቴ እርር ይላል።

«ከፍታለት ይሆን?» ይለኛል አንዳንዴ እራት ላይ።

«እኔ ምን አገባኝ!»

«እጀታው ዞሯል እኮ።»

«ልትቆልፍበት ይሆናላ!»

ይኼን ስለው ከልቡ ይቀየመኛል። ለእኔ ለሚስቱ ያልተቀየመውን ለእሷ ይቀየምላታል።

ሥራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክነት ነበር። ሁለት መቶ የሽመና ማሽን ባንድ አዳራሽ ሲንኳኳ፣ አጠገብ የቆመ ሰው ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ እዚያ የሠራ ሰው ሁሉ ከንፈር ማንበብ ይለምዳል። ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ሰፋ እያደረጉ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ያወራሉ፤ አለቃቸውን ፊቱ ቆመው ያሙት እንደነበር ባሌ ራሱ ነግሮኛል። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። እኔም የፋብሪካው ነገር በዚያው ያበቃ መሰለኝ።

ከጡረታው በኋላ ጭራሽ ባሰበት። ከኩሽና «ውሃው መጥቷል፣ ባልዲውን አቀብለኝ» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ። «ሰው በር ላይ ነው» ስለው ዝም። ድሮም ከኩሽና ስጠራው የማይሰማ ሰው ስለሆነ አልገረመኝም፤ ተናደድኩ እንጂ። ባሏ ጠርታው ዝም ሲላት ደነቆረ ብላ የምታስብ ሚስት የት አለች?

አንድ ቅዳሜ ታላቅ እህቴ ደወለች። ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ስላላሰማኝ ገብቼ ሪሞቱን አነሳሁና ድምፁን ጭጭ አደረግኩት። ባሌ ምንም አላለኝም። «ዛሬስ አከበረኝ» ብዬ በሆዴ እየተደሰትኩ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ከእህቴ ጋር ወግ ይዘን ሳለ ካካካ ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ።

«ሰውዬው ደህና ነው?» አለችኝ እህቴ።

ተመልሼ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም። መበለቷ መጥረጊያዋን አንስታ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ያውም ልክ መሳቅ ባለበት ቦታ። መጀመሪያ ሰውየው ለየለት ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ውልብ አለብኝና ከኋላው ቆሜ፣ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» አልኩ። ንቅንቅ አላለም። ዞሬ ፊቱ ቆምኩና በዚያው ድምፅ ደገምኩት።

«የት!» ብሎ ተነሳ።

ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ፊት ለፊት ስታወሪ ሁሉም ይገባኛል። ከኋላ የምትይውንማ ድሮም አልሰማሽም ነበር።»

እስቲ በዚህ ይሳቃል ወይስ ይለቀሳል? እኔ ሁለቱንም ትቼ ሰደብኩት፣ ፊት ለፊቱ ሆኜ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ቀስ ብዬ። ማታውን ግን ሆድ ባሰኝ።

ሐኪሙ ማሽኑ የበላው ጆሮ አይመለስም አለ። የመስሚያ መሳሪያ ሰጠው፤ እሱን ሲያደርገው ድምፅ ይገባል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። «የሳህን ኳኳታ ብቻ ነው የሚሰማኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ያም ሆኖ በሃምሳ ሁለቱ ክፍል መሳቁን አላቆመም፤ በቃሉ ነዋ የሚያውቀው።

ታዲያ በዚህ መሀል ልጃችን እየሮጠች መጣች። «አባዬ! የቀረውን ሊያሳዩት ነው! አስሩንም ክፍል!» ጣቢያው ድምፅ አሠርቶለት በየቅዳሜው አስር ሰዓት፣ ድጋሚውን ደግሞ እሁድ ጠዋት ሊያሳይ ነው። ባሌ እንደ ሙሽራ አደረገው። በቅዳሜው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተቀመጠ።

እኔ ኩሽና ሆኜ ሳቁን ጠበቅኩ። እጀታውን ያዞረው የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ያደረቁን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይንከተከታሉ፤ ባሌ ዝም። ብቅ ብዬ ሳየው ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ስክሪኑ ተጠግቷል። ያኔ ገባኝ። ይኼኛውን በቃሉ አያውቀው። ከንፈር እንዳያነብ ደግሞ ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው በሌላ ቋንቋ ነው። የሰው ሁሉ አፍ የሚያነበው ባሌ፣ የሚወዳቸውን የእነዚያን ሁለት ሰዎች አፍ ማንበብ አቃተው። ሳያልቅ አጠፋውና ምንም ያልሆነ ቧንቧ ሊፈታ ተነሳ።

በሁለተኛው ቅዳሜ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ተኛ። ልጃችን ጣቢያው ድረስ ደውላ ጽሑፍ እንዲጨምሩበት ለመነች፤ እንደዚያ ዓይነት አሠራር የለንም አሏት። ባሌም ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ መልሶ ሰጣት። ገበታ ላይ ሳወራ አንገቱን ደፋ ማድረግ ጀመረ። አንገቱን ከደፋ ደግሞ አፌን አያይም፤ አፌን ካላየ እኔም ቤት ውስጥ የለሁም ማለት ነው። ያ ሳቅ በጠፋልኝ ስል የኖርኩ ሴት፣ ሲጠፋ ቤቱ አስጠላኝ። እሱም እየራቀኝ እንደሆነ ታወቀኝና ፈራሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የኩሽናዬን በርጩማ ይዤ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥኩና ጀርባዬን ለስክሪኑ፣ ፊቴን ለባሌ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ እየኝ!»

የሚሉትን እየሰማሁ መድገም ጀመርኩ። ቀኝ እጄን ሳነሳ ሽማግሌው ነው፣ ግራዬን ሳነሳ መበለቷ፣ ራሴን ስነካ የሕንጻው ዘበኛ። ላብ በላብ ሆንኩ። አራቱ ባንዴ ሲጨቃጨቁማ የማነሳው እጅ አጣሁ። ምስጋና የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል።

«ቀስ በዪ እንጂ፣ ከንፈርሽን አትዋጪው።»

«እነሱ መቼ ቀስ አሉ!»

«ሽማግሌው እንደዚህ አይቆጣም፣ እንዲህ ረጋ ብሎ ነው።»

«ናና አንተ በለዋ!»

ግን አስራ ምናምነኛው ደቂቃ ላይ ሳቀ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ስድብ ብጤ ተናግሬ ቀጠልኩ።

እንደዚህ እያደረግን ሰባት ቅዳሜ ዘለቅን። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ቅዳሜ የሚመጣ እንግዳ በሙሉ ቀረብን። የመጨረሻው ክፍል መጣ። ሽማግሌው ክራቫቴን እንደገና ልሰር እያለ አጉረመረመ፣ አንኳኳ። እጀታው ሲንቋቋ ከኋላዬ ሰማሁ፤ ቀጥሎ በሩ ሲጥ አለ። ከዚያ መበለቷ ያንን አንደበቷን ሁሉ ትታ ሁለት ቃል ተናገረች። ልደግመው ስል አገጬ ተንቀጠቀጠብኝ።

«ምን አልሽ? አልለየሁትም።»

«"ምን አዘገየህ" ነው ያለችው!»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ሙዚቃው ገባ። እንባዬን በመዳፌ ጠርጌ ቶሎ ብዬ፣ «ሲከፈት ምን ለብሳ ነበር? ምን መሰለች?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ። «አላየኋትም። አፍሽን ነበር የማየው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቀህ!»

«ምን ላድርግ?»

«ነገ ጠዋት ይደግሙታል። ቃሉን አሁን አውቀኸዋል፤ ዓይንህን ስክሪኑ ላይ ተክለህ እያት። እኔ የምሠራው አለኝ።»

«አይ፣ አንቺም እዚያው ተቀመጪ» አለኝ።

«ለምን ብዬ?»

«ስታወሪ ማየት ደስ ይለኛል።»

ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳወራለት ኖሬ ይኼን ለመናገር የግድ መደንቆር ነበረበት? እሁድ ጠዋት ግን ፀጉሬን አበጥሬ፣ በርጩማዬ ላይ ቀድሜው ተቀመጥኩ።