ከነሥሩ የመጣ ጓሳ

ዛሬ የሰው ሳር ሳጭድ ዋልኩ። ሰርቄ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የማንን እንደሚወስድ ያውቃል። እኔ ግን እያንጎራጎርኩ፣ እየፎከርኩ፣ ባጠገቤ የሚያልፈውን ሁሉ «እንደኔ ያለ አጫጅ አይታችኋል?» እያልኩ ነው የጎረቤቴን ሳር የጨረስኩባት። ያለፈው ሁሉ «አላየንም» ብሎ መለሰልኝ። አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው።

ጓሳን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጓሳ ከመንዝ አናት ላይ፣ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት ከፍታ የሚበቅል ሳር ነው። ጠባዩ ክፉ ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጠርዙ ምላጭ፤ ሲያጭዱት ያጭዳል። በግ እንኳ ለጋውን ካላገኘ በቀር አይወደውም። ውርጭ ይመታዋል፣ በረዶ ይደበድበዋል፣ ነፋስ መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ እሱ ግን እግሩን አጥብቆ እዚያው ነው። ጉም ሲመጣ ጫፉ ላይ ይይዘውና ጠብታ በጠብታ ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ከታች ያሉት ምንጮቻችን በበጋ የማይደርቁት በዚህ ነው። እኛ ጸበሉን እናመሰግናለን፤ ጓሳውን የሚያመሰግን የለም። ሥሩ ሥር አይጥ ይኖራል፤ አይጡን ቀይ ቀበሮ ይበላዋል፤ የተረፈውን ቁራ ይጨርሰዋል። እዚያ ላይ ማንም ለማንም አያዝንም፤ ግን ሁሉም በጓሳው ነው የሚኖረው።

እኛም እንደዚያው ነን። ቤት የምንከድነው በሱ፣ ገመድ የምንገምደው በሱ፣ ፍራሻችንን የምንሞላው በሱ ነው። ግን አንዴ ከታጨደ ለክዳን የሚበቃው ዓመታት ቆይቶ ስለሆነ አካባቢው ይዘጋል። ሲዘጋ ተዘጋ ነው። ሲከፈት ሽማግሎች ዕጣ ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ድርሻው ይደርሰዋል። ሰውም በድርሻው ዙሪያ ያለውን ሳር ጫፍ ለጫፍ ይቋጥራል። ቋጠሮው አጥር ነው። ማንም አያልፈውም፤ ዓይኑ ካልታወረ በቀር።

ዛሬ የተከፈተ ዕለት ነበር። የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ልጄ ከመሐል ሜዳ ከተማ አስመጥቶ ካለበሰልኝ ቆይቷል። ለክዳን የሚሆን ሳር አያስፈልገኝም። ጠዋት የበግ ጠጉር ባናዬን ደርቤ ማጭዴን ስፈልግ ልጄ «አባባ፣ ዘንድሮስ ይቅርብዎ፤ እኔ አጭዳለሁ» አለኝ። ይቅርብዎ የተባለ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።

«ማጭዱንስ ልሞርድልዎ?»

«እኔ ማጭድ ስሞርድ አንተ ጡጦ ትጠባ ነበር» ብዬው ወጣሁ። አልሞረድኩትም።

መነጽርም አለኝ፤ ኪሴ ውስጥ። ጓሳ ላይ መነጽር አድርጎ የታየን ሽማግሌ ከዚያ በኋላ እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት።

ጉሙ ወፍራም ነበር። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ርሷል። ድርሻዬን ፈልጌ አንድ ቋጠሮ አገኘሁ፤ ቋጠሮው ላይ አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። የቁራ ላባ ነው ብዬ አለፍኩ። ወደ ውስጥ ስገባ የታጨደ ቦታ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ረጅም፣ ወገብ የሚደርስ፣ ቀጥ ያለ ጓሳ ቆሟል። «ልጄ ቀድሞኝ መጥቶ ረጅሙን ለአባቱ ትቶለታል» ብዬ መርቄው ጀመርኩ።

ማጭዱ ዱልዱም ነው። ይይዛል እንጂ አይቆርጥም። እኔ እስባለሁ፤ መሬቱ ርሷልና አንዳንዱ እግር ጓሳ ከነሥሩ ይመጣል። አንዱን ስነቅል ከሥሩ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጸጉር ያላበቀሉ የአይጥ ግልገሎች ወጡ፤ ቀይ፣ ጣት የሚያክሉ። አንድ ቁራ መጣና አንዱን አነሳ። ተመልሶ መጣ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝም፤ ሰው መሆኔን የተጠራጠረ ይመስለኛል። ግልገሎቹ እስኪያልቁ ተመላለሰ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጎረምሳ ከቁርስ በፊት የሚያነሳትን አንዲት ሸክም ሳስር ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ አህያዋን እየነዳች መጣች። ባሏ አምና ነው የሞተው። ቤቷ የሳር ክዳን ነው፤ ክዳኑ በስብሷል። ባለፈው ክረምት አልጋ የያዘችውን እናቷን ፍሳሹን እየሸሸች ከጥግ ጥግ ስታዞራት ነው የከረመችው። የአሮጊቷ ሳል የኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ዘንድሮ ጓሳው በመከፈቱ ከሁላችን በላይ የተደሰተችው እሷ ነበረች።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ አየሽ?»

«አየሁ። የማንን ነው?»

«የራሴን ነዋ! የአንቺን ላጭድልሽ ኖሯል?»

ሄዳ ያንን ጥቁር ያለበትን ቋጠሮ ቆርጣ አመጣችና አፍንጫዬ ሥር አቆመችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቁራ ላባ።»

«የቁራ ላባ እንዲህ ይታሰራል? ለባሌ ከለበስኩት ከል ላይ ቀድጄ ነው ያሰርኩት። እርስዎ እንኳ እንዲያውቁት ብዬ!»

ሰው ተሰበሰበ። መንዜ የሰው ውርደት ከሩቅ ይሸተዋል። አንዱ «መነጽርዎስ?» አለ።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ለኪስዎ ነው የገዙት?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «ምን ያስቃል? ታጨደላት እንጂ ተወሰደባት? ይልቅ የቀን ሥራዬን ትመርቅልኝ!» አልኩ። እሷም ልትስቅ ስትል አየኋት። ጎህ ሳይቀድ ጀምራ አጭሩን ሁሉ አጭዳ ወደ ቤት አመላልሳ፣ ከዚያ እናቷን ስታስታምም ነው የዋለችው። ይህን ረጅሙን ለጉልላቱ ብላ ለመጨረሻ ትታው ነበር። ጉልላት፣ ክዳኑ ከላይ የሚታሰርበት አናት ነው፤ የዝናቡ ሁሉ በር እሱ ነው፤ ረጅም ሳር ካልሆነ አይዘጋም። ሳሩ ታጭዶላት ካገኘችው ጭና መሄድ ብቻ ነው የቀራት። ነገሩ በሳቅ ያለፈ መሰለኝ።

የጓሳውን ሕግ የሚያስጠብቀው አለቃ ያን ጊዜ ደረሰ። እሳት የላሰ፣ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ሰላም እንኳ ሳይል ሸክሜን ገለበጣት። ጥቁር አፈር የያዘው ሥር ተንጠለጠለ። አንዱን አራገፈው፤ አፈሩ ጫማዬ ላይ ወረደ። ሳቁ ቆመ።

«ተነቅሏል» አለ።

«ጥቂት ነው» አልኩ።

ሌላ ነዶ ገለበጠ። ሌላም። ጥቂት አልነበረም።

እዚህ ላይ ሕጉን መናገር አለብኝ። ጓሳ ከሥሩ በላይ ከታጨደ ተመልሶ ያድጋል። የተነቀለ ግን አይመለስም። ቦታው ራሰ በራ ይሆናል፤ መጀመሪያ የመጣ ዝናብ አፈሩን ይዞት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ቦረቦር ይሆናል፤ ቀጥሎ ከታች ያለው ምንጭ ይቀንሳል። ልጅ ሳለሁ የተነቀለ አንድ ቦታ አለ፤ እኔ ፀጉሬን ጨረስኩ፣ እሱ እስከ ዛሬ አላበቀለም። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ የተነቀለ ጓሳ ማንም አይጠቀምበትም። ነቃዩ ራሱ ተሸክሞ፣ ጎርፍ እንዲያግድ ቦረቦር ውስጥ ይጥለዋል። የነቃዩ ድርሻም እስከሚቀጥለው መክፈቻ ሳይታጨድ ይቆማል።

ይህ ሕግ ሲወጣ ከሽማግሎቹ አንዱ «የተነቀለው ለድሃ ቢሰጥስ?» ብሎ ነበር። አንድ ሌላ ሽማግሌ ተነሥቶ «ለድሃ ይሰጥ ካላችሁ፣ ነገ ነቃይ ሁሉ ድሃ ጎረቤት አያጣም!» አለ። አጨበጨቡለት። ሰውየው በዚያ ንግግሩ ደረቱን ነፍቶ ሰንብቷል። ሰውየው እኔ ነኝ።

«አንተ ልጅ» አልኩት አለቃውን፣ «ሳሩ የኔ አይደለም እኮ። የሷ ነው። እሷ አልነቀለች።»

«ማንም አይጠቀምበትም ነው የሚለው።»

«ክረምት ደርሷል» አለች ጎረቤቴ። «እናቴን ያውቋታል። ጉልላቴ ነው ይሄ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

አለቃው አንገቱን ደፋ። ልቡ ያልተነካ አልመሰለኝም። ግን እንዲህ አለ፦ «እህቴ፣ ዛሬ ላንቺ ብዬ ብለቀው፣ ነገ ሰው ሁሉ አንዳንድ ዕውር ሽማግሌ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ሰው በሳቅ አለቀ። እግዚኦ! እሷ እዚያ ቆማ፣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሆኖ። እኔም ሳቅሁ። አባባሉ ጥሩ ነበራ።

«እሺ» አልኩ፣ «የኔ ድርሻ፣ ልጄም ሳይነካው፣ ሙሉውን ቆሟል። እሷ ትጨደው።»

«የነቃይ ድርሻ አይታጨድም።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት አባቴ።»

ፊቴን ወደ ሰዉ አዞርኩ። «ወገኖቼ፣ ከየሸክማችሁ ጥቂት ጥቂት ረጅም ሳር ብታዋጡላት…» ገና አፌን ሳልዘጋ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሸክሙን አጥብቆ ማሰር ጀመረ። አልፈርድባቸውም። ረጅሙ ሳር ለሁሉም ቤት ጉልላቱ ነው፤ ጉልላቱን የሚመጸውት ሰው አላየሁም። አንዲት ሴት ብቻ አንድ ጭብጥ ጎትታ ሰጠቻት። ጎረቤቴ ያቺን ጭብጥ ይዛ ቆመች፤ መጥረጊያ ታክላለች።

ሳሩን ወደ ቦረቦሩ ተሸከምኩ። ልጄ ሊያግዘኝ መጣ፤ አለቃው ከለከለው። ወገቤ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ከደረስኩ በኋላ ጣልኩትና ልሄድ ስል ጎረቤቴ ከኋላዬ ተከትላኝ ኖሯል።

«እንዲህ ይጣላል?» አለች። «ካልተረገጠ ጎርፍ አይወስደውም? ጠፍቶ እንኳ በከንቱ ሊጠፋ ነው?»

ጫማዋን አውልቃ ገባችና የጉልላቷን ሳር በእግሯ ትረግጠው ጀመር። ሥሩን ወደ ታች፣ ጫፉን ወደ ላይ እያደረገች፤ ያ አፈር የያዘው ቢተርፍ ምናልባት ይበቅል እንደሆነ ብላ ይሆናል። ቅጠሉ ቁርጭምጭሚቷን እየቆረጣት። እኔም ገብቼ አብሬ ረገጥኩ።

ስንወጣ «ፍራሼ በጓሳ የተሞላ ነው፤ ልፍታልሽና…» አልኳት።

«የርስዎን ቁንጫ ጣራዬ ላይ ላወጣ ነው? ለዚያውስ ተሰባብሮ ድርቆሽ ሆኖ የለም?»

እውነቷን ነው። ቁንጫውም እውነት ነው።

ማታውኑ ልጄ ከጎረምሶች ጋር ሄዶ ክዳኑን ሳይዘንብ ብሎ ጀመረላት። ዙሪያው አማረ። አናቱ ግን ክፍት ነው። ሸራ ጥለውበት፣ በገመድ ወጥረው ድንጋይ አንጠልጥለውበታል። የመንዝ ነፋስ ሸራውን እስካሁን አላየውም፤ ሲያየው ምን እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን። የአሮጊቷን አልጋ ወደ ግድግዳው አስጠግተዋል። እንደገና ከጥግ ጥግ መዞር ነው።

ከታች ቆሜ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ጎረቤቴ ወጣች። መነጽሬን አድርጌ ነበር።

«አሁን አደረጉት?» አለች።

«አሁንስ በደንብ ይታየኛል።»

«ምን ይታይዎታል?»

«ቀዳዳው።»

እሷም ወደ አናቱ ቀና ብላ አየችና «አንድ ሸክም አለብዎት» አለች።

«አለብኝ። ጓሳው ሲከፈት።»

«የሚከፈተው መቼ ነው?»

እሷም ታውቃለች፤ እንድናገረው ነው የፈለገችው። ሽማግሎቹ ዛሬ ማታ ሲለያዩ፣ ሳሩ በደንብ እስኪያድግ ለዓመታት አይነካም ብለዋል። እኔም በስብሰባው ላይ ብኖር ይህንኑ ነበር የምለው። ትክክል ነዋ።

«ዓመታት ነው» አልኳት።

ከራስ ጥምጣሜ እስከ ጫማዬ አየችኝ፤ ገበያ ላይ ሽማግሌ በሬ እንደሚታይ። «ጥርስዎን ያሳዩኝ» የምትል መሰለኝ።

«እንግዲያው እንዳይሞቱ» አለች። «ሰምተዋል? ለቀብርዎ ለቅሶ እንድመጣ ያለብዎትን ይክፈሉኝ። ካልከፈሉኝ አልመጣም፤ እናቴም አትመጣም።»

«እናትሽማ እኔን መቅበሯ ነው?»

«በዚህ ጉልላት? እሷ ትቀድምዎታለች» አለችና ገባች።

እዚህ ተቀምጬ ስጽፍ ጣቶቼ በሳሩ ተቆራርጠው ወረቀቱ ላይ ደም ይነካካል። ጓሳው ሒሳቡን በዚያው በዕለቱ ተቀብሎኛል። ከጎረቤቴ ጋር ግን ገና ሒሳብ አልተወራረድንም። ልጄ ማጭዱን ሞርዶ ሰቀለው፤ «ለሚቀጥለው» አለኝ፤ ፌዙን ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ። ስለዚህ መኖር አለብኝ፤ ለጽድቅ ሳይሆን ለሳር። አንድ ሸክም ጓሳ አለብኝ፤ ረጅሙን፣ ከሥሩ በላይ የታጨደ።