ለስንዱ የተደረገ ዱዓ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት ከደሴ ስትመለስ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያገኘችውን ልብ ወለድ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን ተተክቷል። አንብባ ስትጨርስ ከጆሮዋ የማይጠፋውን ማዳመጫ አንገቷ ላይ ጥላ፣ ተቆጥታ ወደ እኔ መጣች።

«እማማ፣ ይሄ መጽሐፍ ተሳስቷል። ስንዱ ሞተች ይላል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ታሪክ ሳያነብ በወሬ የሚያውቅ የከሚሴ ሰው ሁሉ፣ ስንዱ በሰላም አገሯ እንደገባች ነው የሚያውቀው። እንዴት እንደዚያ ሊሆን እንደቻለ የማውቀው እኔ ነኝ። ኩራቴንም አልደብቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ልብ ወለድ የምከራየው አስፋልቱ ዳር ሲጋራና ባትሪ ድንጋይ ከሚሸጥ ሰውዬ ነበር። ማንበብ ብቻ አይደለም፣ እፈርድም ነበር። ይሄ ደራሲ ወሬ ያበዛል፣ ያኛው የጻፋት ሴት ቀሚስ የለበሰ ወንድ እንጂ ሴት አይደለችም፣ ሌላው ዝናብ ካልዘነበ ሰው ማሳዘን አይችልም እያልኩ። በሙዚቃም ቢሆን ያው ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር የፈረንጅ ሮክ ካሴት ያመጣልኛል፤ ሬዲዮ የማያሰማውን ዓይነት፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ከግጥሙ የሚገባኝ ጥቂት ቃል ነው፤ አስተያየት ለመስጠት ግን አላነሰኝም። የካሴቱ አንደኛው ገጽ ችኩል ነው፤ ሲገለበጥ ነው ሰው የሚሆነው፤ በተለይ ከበሮው ዝም ብሎ አንድ ጊታር ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ላይ እል ነበር። የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ስሙን መጻፍ ተምሮ እዚያው ላይ ቆሟል። በዚያ ዓመት ከሰንበቴ ከተማ አንድ የከብት ነጋዴ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ላከ። ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም አልኩ። ይሄኔ አጎቴ ይማም ተነሳ።

«ይቺን ልጅ ያበላሻት የምታነበው ነገር ነው» አለ አባቴን። «እሱና ያ የሚጮኸው ካሴት።»

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። የያዘውን ቁልፍ ተክሎ እስኪጨርስ ቆየና፣ «ሳንሰማው አንፈርድበትም። ዐርብ ታሰማን» አለ።

በእኛ ዘንድ ነገር የሚታየው ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር። ጎረቤቶች እኛ ቤት ጫት ይዘው ይሰበሰባሉ። የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው ስሙ ይነሳና ዱዓ ይደረግለታል፤ የተጣላም ካለ ይታረቃል። የሚመሩት ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

መጀመሪያ የቀረበው ካሴቱ ነው። ሼህ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሄ ልጅ እያለቀሰ ነው። ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ጓደኛው ሞቶበት ይመስለኛል» አልኩ።

«አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጠው» አሉ። ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ። አጎቴ ይማም ብቻ ቅር ብሎታል።

ከዚያ ያን ሰሞን የተከራየሁትን የስንዱን መጽሐፍ ጀመርኩ። በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ የጠጠረውን አማርኛ በኦሮምኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ከጨፋ ሜዳ የመጣ የማሽላ እሸት እየተጠበሰ ይገባል፤ ሰዎቹ ግን ፍሬውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ይረሱታል። ስንዱ ከገጠር ወጥታ ከተማ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ናት። አሠሪዎቿ በሐሰት ሌባ ብለው አባረሯት። አድማጮቼ በየዐርቡ እየተከተሏት ሄዱ፤ በመጨረሻ ታማ ሐኪም ቤት ስትተኛ መጽሐፉን ለዕለቱ አጠፍኩት።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስንዱን አላህ ያሽርልን።»

«አሚን።»

«ከአገሯ፣ ከእናቷ ቤት በሰላም ይመልስልን።»

«አሚን።»

ክርስቲያን ናት ወይ ያለ የለም። ሰው የፈጠራት ናት ያለም የለም። የቀሩትን ገጾች ያነበብኩት እኔ ግን ስንዱ እንደምትሞት አውቃለሁ። እንዳለ ባነበው አጎቴ የሚለውን አላጣውም፤ የእኔም ነገር ከስንዱ ጋር ያልቅለታል፤ ሰንበቴ ተድሬ እሄዳለሁ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። አባቴ እንኳ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «ያቺ ልጅ ትድን ይሆን?» አለኝ።

ዐርብ ደረሰና እንዳለ አነበብኩት። የሰው ጽሑፍ ውስጥ የራሴን አልከትም፤ ያኔም አሁንም አቋሜ ነው። ስጨርስ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

«አያችሁ?» አለ አጎቴ። «ዱዓችንን እንኳ የሚገፋ መጽሐፍ ነው። ልጃገረድ የምታነበው ይሄንን ነው?»

ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ነው የወሰዳት?»

«አይደለም፣ አባባ» አልኩ። «ደራሲው ነው የገደላት። ስንዱ ጠንክራ፣ ከአልጋዋ መነሳት ጀምራ ነበር። እሱ ግን የጠነከረች ሴት ምን እንደምትሆን አያውቅም። መላ ሲያጣ ገደላት። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ ግሩም ነው፤ መጨረሻው ግን የሰነፍ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያት ነበር?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ አስተማሪዎቼም ጭምር። ተናገርኩ። ስንዱን ከአልጋ አስነሳኋት፣ የከሰሷትን ሰዎች ይቅርታ አስጠየቅኋቸው፣ አውቶቡስ አሳፍሬ እናቷ ቤት አስገባኋት፣ ድሮ በመንደሯ ይወዳት ለነበረ አስተማሪም ዳርኳት።

«ዱጋዳ፣ እውነቷን ነው» አሉ ሼህ እንድሪስ። ከዚያ አባቴን፣ «ይቺ ልጅ አልተበላሸችም። ክፉውን ከደጉ ትለያለች። ትምህርቷን ትጨርስ» አሉት። ቤቱ «አሚን» አለ። በዚያ ቤት አሚን የተባለበትን ነገር መልሶ የሚያነሳ የለም። አጎቴም እሸቱን መፈልፈል ጀመረ።

ሰንበቴ ሄዶ እምቢታውን የተናገረው አባቴ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲለካ የስንዱን ታሪክ ያወራል፤ በእኔ መጨረሻ። የደራሲውን መጨረሻ አንድም ቀን ሲያነሳ አልሰማሁም። ታሪኩ ከሱቁ ወጥቶ በየገበያው ዞረ። እኔም ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም በዚያው ነው።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር፣ እስክታደንቀኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን መጽሐፉን እያገላበጠች አሰበች።

«ስለ ደራሲው ልክ ነሽ» አለች። «ያንቺ መጨረሻም ግን አልተመቸኝም።»

«ምኑ?»

«አንቺ አላገባም፣ እማራለሁ ብለሽ ስትታገዪ፣ እሷን ለምን ዳርሻት?»

በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። እኔም አስቤው አላውቅም። ቅር ሊለኝ ሲገባ፣ በራሴ ከኮራሁት በላይ በእሷ ኮራሁ። አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩላት።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ታዲያ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያት ነበር?»