«ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀበት ግድግዳ

ወንድሜ አርባ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ኖረ። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው በሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ አረፋ ሲረጭ ነው። ሰፈሩ «አረፋው» ይለው ነበር። እናታችን እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም፣ የምሠራውም የመዝገብ አያያዝ ነው። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ከሰነድ ወይም ካየ ሰው ቃል ጋር አመሳክሬአለሁ። ሊመሳከር ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም እንደሆነው አስቀምጬዋለሁ።

የምንኖረው አሸዋው የከተማውን የመጨረሻ አጥር በሚነካበት ሰፈር ነው። በሙቀት ወራት የበር እጀታ በጨርቅ ይያዛል፤ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ልብስ ለማጠብ እንኳ ያቃጥላል። ቤቶቹ ውጫቸው ቆርቆሮ፣ ውስጣቸው ቦርድ ነው፤ በመሐል አንድ ስንዝር የማይሞላ ባዶ ቦታ አለ። ቀን ቀን ያ ባዶ ቦታ ምድጃ ይሆናል። የወንድሜ ሥራ ምድጃውን መድፈን ነበር። ከሁለት በርሜል የሚመጡ ሁለት ፈሳሾች በቱቦው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፉ ኩፍ ይላሉ፤ ሰው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ አሥር ሳይደርስ ይጠነክራሉ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አይገባም። ድምፅም አይገባም።

የድምፁን ነገር ሰዎች ቀድመው አያስቡትም። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ቤቷ በተረጨ በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «አረፋው፣ ባሌ አኩርፎኝ ነው ወይስ ያንተ ሥራ ነው? ቤቱ ጭጭ ብሏል!» አለችው።

«ባልዎ ይናገራሉ?»

«አፉ ይንቀሳቀሳል።»

«እንግዲያው የኔ ሥራ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት መስማት ያቆሙት» ብሏት ሁለቱም እንደሳቁ ነግሮኛል። እሱ ግን ስልኩን ሲዘጋ አልሳቀም። «እውነቷን ነው» አለኝ። «ስጨርስ ቤቱ የሆነ ነገር ሊናገር ሲል አፉን የያዝኩት ይመስለኛል።»

ሥራውን በጀመረበት ዓመት አንዲት ድመት ከነልጆቿ ግድግዳ ውስጥ ደፍኖ ነበር። በማግሥቱ የቤቱ ሰዎች ሰምተው ቦርዱን ሲገነጥሉት ዘግይተዋል። ከዚያ ወዲህ መርጫውን ከመክፈቱ በፊት ፊቱን ወደ ባዶው ቦታ አስገብቶ እንጨቱን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ሦስት ጊዜም «ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ድመት ሰው ነው ወይ ብለው ይስቁበት ነበር። «ድመት ብዬ ብጠራ ሰው ቢኖርስ?» ይላል።

ከድመቷ ወዲህ የሠራውን ሁሉ በደብተር ይይዛል። ቀን፣ የግድግዳው ሙቀት፣ የበርሜሎቹ ሙቀት፣ የአረፋው ውፍረት፣ በስንት ዙር እንደተረጨ፣ በመጨረሻም ጥያቄው። ይህን አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሞተ በኋላ ደብተሮቹን ከፊት እስከ ኋላ አነበብኳቸው፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። ስድስት መቶ አራቱ ላይ «ጠየቅሁ፤ መልስ የለም» ይላል። ሰባቱ ላይ ድመት ወይም ርግብ ተገኝቷል። አንዱ ላይ «ጠየቅሁ፤» ብሎ ቀሪው ባዶ ነው። ያ ቤት ተራ ቁጥሩ ስድስት መቶ ዘጠኝ ነው፤ የእናታችን ቤት።

እሱን ከረጨ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አንድ ጋራዥ ኮርኒስ ውስጥ በሆዱ እንደተኛ ሞተ። የሐኪሙ ወረቀት ልቡ መቆሙን ይናገራል። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር ስለሌለ ሌላ አልጨምርም።

በሁለተኛው ወር እናቴ ግድግዳው ያንኳኳል አለች።

ፀሐይ ስትገባ ነው። እናቴ አልጋዋን ወደዚያ ግድግዳ አስጠግታ፣ ጆሮዋን ቦርዱ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ከውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ከዚያ ዝም።

«ቆርቆሮው ነው እማዬ። ሲበርድ ይኮማተራል።»

«ቆርቆሮ ሦስት ቆጥሮ ያንኳኳል?»

ዘጠኝ ቀን መዘገብኩት። በስድስቱ ቀን ሦስት ጊዜ፣ በሁለቱ ሁለት ጊዜ፣ በአንዱ አምስት ጊዜ አንኳኳ። ወረቀቱን አሳየኋት፤ ሦስት ብቻ አይደለም ለማለት ነበር።

«ልጅ እያለም ቁጥር ይሳሳት ነበር» አለችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እተዋት ነበር። ግን ክፍሉ መሽተት ጀመረ፤ የቆየ ዓሣ ሽታ ነው፤ ሙቀቱ ሲያይል ይብሳል። እናቴ ሳል ያዛት። ሳሉ ወደ ደረቷ ወረደ። ክሊኒክ ያያት ሐኪም ሽታውን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን መተኛት የለባቸውም። ሁለተኛ እንዲህ ሆነው ቢመጡ ምን እንደማደርግላቸው አላውቅም» አለ።

«ልጄ እያንኳኳ ጥዬው ልሂድ?» አለች እናቴ። እሱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ሌላ ክፍል አላት፤ እኔም ቤት አለኝ። ንቅንቅ አላለችም።

ስለዚህ ወደ ቱቦ ሄድኩ። ቱቦ የምንለው የወንድሜን የሥራ ባልደረባ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ማሽኑን የሚቆጣጠርለት፣ ቱቦውን የሚጎትትለት እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ መርጫውን ፈታትቶ ሲያጥብ አገኘሁት። ደብተሩን ሳሳየው እጁን ቱታው ላይ ጠረገና አልነካውም።

«ግድግዳው አርባ ስምንት ዲግሪ ይላል» አልኩት። «ውፍረቱ ስድስት ጣት፣ በአንድ ዙር። ከሁለት ጣት በላይ በአንዴ አይረጭም፤ የመጀመሪያው ሳይበርድ ሁለተኛው ከተጨመረ መሐሉ ያርራል፣ ይሸታል ሲል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«ካነበብሽው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ለምን?»

«እማማ በሙቀቱ ወድቀው አልነበር? በማግሥቱ ወደዚያ ቤት ሊመለሱ ነው። በጠዋት ልንመጣ ብለን ማሽኑ አስቸገረን፤ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ነገ እንምጣ አልኩት። ‹እናቴ ነገ እዚህ ምድጃ ውስጥ ልትተኛ?› አለኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በአርባ ስምንት ማሽኑን አያስነሳም፤ ባለቤቱ ቢያለቅስ አያስነሳም። ለናቱ ግን…» መርጫውን አገላበጠው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እሱ ለመልቀምም አልታደለም።»

«ጥያቄውስ? ለምን ባዶ ተወው?»

ይሄኔ ትንሽ ፈገግ አለ። «እሱማ እማማ ናቸው፤ ሳይነግሩን ቀድመው ተመልሰው ኖሯል። ‹ሰው አለ?› ሲል ከወዲያ በኩል ‹አቤት› አሉት። የጠራቸው መስሏቸው ነው። እኔ ሳቅኩ። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ጭንብሉን አጠለቀና ‹ማሽኑን ክፈተው› አለኝ።»

«ቱቦ፣ እናቴ ያን ቀን ክሊኒክ ነበረች።»

«ወጥተው ይሆናል።»

«ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ግሉኮስ ተሰክቶላት እስከ ማታ አጠገቧ ነበርኩ፤ ያደረችውም እዚያው ነው። ካርዷ ይኸው፤ ቀኑን እይ።»

ካርዱን ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋ፤ የሚወርድ ውሃ ግን አልነበረም።

«የሴት ድምፅ ነበር?» አልኩት።

«እማማ መሰሉኝ አልኩሽ እኮ» አለ። መርጫውን መገጣጠም ጀመረ።

ግድግዳውን ከፍተን አረፋውን እናውጣ ስላት እናቴ ስትስል ቆየች። «ከከፈታችሁት ያቆማል አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ያቆማል፤ እንደገና በደንብ እንረጨዋለን።»

«እንግዲያው ከመዝጋታችሁ በፊት እሱ እንደሚጠይቀው አንቺ ጠይቂ። መልስ ካለ ትነግሪኛለሽ። ከሌለም ትነግሪኛለሽ። ልታጽናኚኝ ብለሽ እንዳትቀጥፊ። መዝገብሽን እንደማትዋሺው እኔንም አትዋሺኝ።»

ማልኩላት። አክስቴ ቤት ወሰድኳትና ከቱቦ ጋር ቦርዱን አነሳን።

አረፋ ደህና ከሆነ የቅቤ መልክ አለው። ይሄ ከላይ ቅቤ፣ ሲቆረጥ ግን መሐሉ ቡናማ፣ ያረረ ነበር፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ተኮማትሮ ከቋሚው እንጨት ለቋል፤ በክፍተቱ ውስጥ ጣቴ ገባ። ቱቦ ቆርቆሮውን ከውጭ ገፋ አደረገው፤ ቆርቆሮው የጠነከረውን የአረፋ ጠርዝ መታ። ኳ አለ። ሁለታችንም ሰማን። አመሻሽ ላይ ሲበርድ የሚያንኳኳው ይኸው ነው። የኔ ሥራ ምክንያት መፈለግ ነው፤ አገኘሁት። ሳገኘው ግን ወንድሜን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። በመጋዝ እየቆረጥን በአሥራ አንድ ማዳበሪያ አወጣነው።

ሦስት ቀን ክፍሉን አናፈስነው። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ቱቦ ማሽኑን ይዞ መጣ። ግድግዳው ሃያ አራት ዲግሪ ነበር፤ ፀሐይ ገና አልነካውም። ማሽኑን ገና አላስነሳነውም። በቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም፤ ይህንን ክፍል በክፍል ዞሬ አረጋግጫለሁ።

ፊቴን ወደ ባዶው ቦታ አስገባሁ። የአቧራና የእንጨት ሽታ አለው። ቋሚው ላይ በወንድሜ እጅ በእርሳስ የተጻፈ ቀን አለ። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

«ሰው አለ?»

ምንም የለም።

«ሰው አለ?»

ቱቦ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«ሰው አለ?»

«አቤት» አለ።

ጮክ ያለ አልነበረም። ከሩቅም አልነበረም። ዞር ስል ቱቦ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ያየኛል።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

«እኔ አልተናገርኩም።»

«እኔም አልተናገርኩም።»

በባትሪ ከላይ እስከ ታች አየን። እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር። በውጭ በኩል ዞርን፤ አሸዋው ላይ የኛው የሁለታችን ዱካ ብቻ ነበር። ተመልሰን እንደገና ፈለግን። ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ የጎረቤቱን አጥር። ፀሐይዋ ወጣች፤ ቴርሞሜትሩ ሃያ ስድስት አለ።

«የሱ ሕግ ምንድን ነው?» አለ ቱቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመለሰ ነገር ሳይገኝ አይደፈንም። እሱ ያን ቀን ሕጉን ጣሰ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን… እኔ እንጃ እህቴ። እኔ መርጫውን አልከፍትም።»

ሃያ ስምንት አለ። ትንሽ ከቆየን ግድግዳው ይግላል፤ እንደገና ሌላ ቀን፣ ከዚያ ሌላ ቀን ይሆናል። እናቴ አክስቴ ቤት እንደማትቀመጥ አውቃለሁ፤ ግድግዳው ክፍት እንደሆነ ካወቀች እዚያው ባዶው ቦታ ሥር ትተኛለች። በጆሮዬ የሳሏ ድምፅ ነበር። ወንድሜም ያን ቀን ይኸንኑ ሳይሆን አይቀርም የሰማው።

«የመለሰው ብንደፍንበት የሚጎዳ ሰው ነው እንዴ?» አልኩት።

አሰበ። «አይመስለኝም።»

«ዝጋው።»

ጭንብሉን አወረደ። ሁለት ጣት ረጨ፤ እጁን አስጠግቶ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ሁለት ጣት ጨመረ፤ ጠበቀ፤ ሁለት ጣት ጨመረ። አረፋው ኩፍ እያለ የወንድሜን ጽሑፍ ሲሸፍነው ቆሜ አየሁ። የግቢው ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፋ።

በማግሥቱ ማታ እናቴን መለስኳት። ከመቀመጧ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ቀዝቃዛ ነበር።

«ጠየቅሽ?»

«ጠየቅሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«እ?»

ምን ብዬ እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ግን ምዬላታለሁ። «በሦስተኛው ‹አቤት› አለ» አልኳት። «ማን እንደሆነ አላውቅም። ፈለግን፤ አላገኘንም። ከዚያ ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እናቴ አላለቀሰችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሰበች።

«እንዴት ያለ አቤት ነው? ሲርበው የሚለው ነው ወይስ ሥራ ሲበዛበት?»

እሷ እስክትጠይቀኝ ድረስ ልዩነቱን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። «ሥራ ሲበዛበት» አልኳት።

«እንግዲያው አናስቸግረው» አለች። አልጋዋን ከግድግዳው እንድስብላት አደረገችኝ፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኛች።

ሳሉ በሦስት ሳምንት ለቀቃት። ግድግዳው ከዚያ ወዲህ አላንኳኳም። በደብተሩ ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሦስተኛውን መስመር በራሴ እጅ ሞላሁ፤ ሃያ ስምንት ዲግሪ፣ ስድስት ጣት፣ በሦስት ዙር፣ «ጠየቅሁ፤ አቤት አለ።» የሱን ባዶ መስመር አልነካሁትም፤ የሌላ ሰው መዝገብ መሙላት የኔ ሥራ አይደለም።

ቤቱ አሁን ፀጥ ያለ ነው። በሙቀቱ ወር እንኳ ውስጡ ጥላ ሥር እንደ መቀመጥ ነው። አንድ ልማድ ብቻ አመጣሁ፤ እናቴን ከሌላ ክፍል ስጠራትና «አቤት» ስትል፣ ሄጄ ራሷ መሆኗን ሳላይ የምፈልገውን ነገር አልነግራትም።