ማቀዝቀዣው የጸዳ ዕለት

ያን ዓርብ ጠዋት ኬንያ፣ ፓርክላንድስ ወዳለው ቤተ ሙከራችን ስገባ ማቀዝቀዣው ጸድቶ መደርደሪያዬን ባዶውን አገኘሁት። ስድስት ቱቦ ነበረኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ባክቴሪያ ያለው በእነሱ ውስጥ ብቻ ነው። ሰኞ ደግሞ አለቃችን ሥራዬ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ሊወስን ነው።

ባክቴሪያው አንቲባዮቲክ የሚሠራው በአንድ ረጅም ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል መድኃኒቱ ላይ የራሱን ቁራጭ ይጨምራል። እኔ አንዱን ክፍል አውጥቼ ከሌላ ባክቴሪያ ያመጣሁትን ተካሁ። ስንት ጊዜ እምቢ ብሎኝ በመጨረሻ አዲስ ውህድ ወጣ፤ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ሲገድል በዓይኔ አየሁ።

«ቱቦዎቼን ማን ነካ?» ብዬ ጮህኩ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ቴክኒሺያኗ፣ እኩያዬ የሆነች ኬንያዊት፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ሁሉ ይጣል መባሉን ነገረችኝ።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ማንበብ አትችዪም?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። መልሷን ሳልጠብቅ ቆሻሻው በእንፋሎት ወደሚቀቀልበት ክፍል ሮጥኩ። የማሽኑ በር ተቆልፏል፤ ሙቀቱ ጣሪያ ነክቷል። ቱቦዎቼ ውስጡ ተቀቅለው አልቀዋል።

ተከትላኝ መጥታ ከመጣሏ በፊት ለመዝገብ ያነሳችውን የቱቦዎቹን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ቱቦዎቹ ላይ ያለው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ዓመቱን የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስቸኩል እጄ ወደ ለመደው ይሄዳል። በፈረንጆቹ ለሚቆጥር ሰው ቱቦዎቹ ከዕድሜያቸው በላይ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጁ ይመስላሉ።

«ዳዳ፣ ይሄ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም?» አለችኝ ቀስ ብላ። ዳዳ በአገሯ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«እዚህ አይደለም» አለች ስልኳን እየከተተች። «የሰደብሽኝ እዚያ፣ ሰው ፊት ነው።»

ተከትያት ወደ ቤተ ሙከራው ተመለስኩ። አለቃችን ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ኖሯል። ቱቦዎቹን ማን እንደጣለ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዝም ብል አለቃችን ምናልባት ያዝንልኝ ነበር፤ በሌላ ሰው ስህተት የማንም ሥራ አይዘጋም። ይህን ለማሰብ ጊዜ መውሰዴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«የጣለችው እሷ ናት፣ ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ» አልኩና የዓመቱን ነገር ሁሉ አስረዳሁት። «ያለጥፋቷም በሰው ፊት ሰድቤያታለሁ።»

«ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ሰኞ የሚለውን ከአካሄዱ አወቅሁት። እሷ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ የምመለስበት ሥራ አልነበረኝም።