ጋሽ ምትኩ አይደሉም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ እዚሁ ቤሩት ተንበርክኬ ተናዝዣለሁ። እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል፤ ዘልዬው አልፋለሁ። ስምንት ዓመት ዘለልኩት። አሁን ጋሽ ምትኩ ሞተዋል። ሰው ሁሉ ሲያለቅስላቸው እኔም አብሬ አለቀስኩ። የእኔስ ግን ምን ዓይነት እንባ ነበር? እናንተው ፍረዱ።

ጋሽ ምትኩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሥራ ቀን እዚህ ቤሩት ሐምራ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ በሰጣቸው የአንድ ሰዓት ጊዜ በአማርኛ ዘፈን ያሰማሉ፤ ከየቤቱ የሚላክላቸውን ሰላምታ ያነባሉ። እሑድም የማንወጣ፣ በር የሚቆለፍብን የቤት ሠራተኞች ብዙ ነበርን። "እህት ዓለም፣ እንደምን ዋልሽ?" ሲሉ እያንዳንዳችን ለእኔ ብቻ ነው የሚሉት እንል ነበር። ድምፃቸው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት የሚልጥልሽ ሰው ድምፅ ነበር፤ የማይቸኩል፣ የማይጮህ።

ጣቢያው እኔ የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ አሠሪዬ ማዳሜ ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። ጎረቤት ያሉ ልጆች ከበልኮን በልኮን እየተጠራሩ የሚነግሩኝን ሰላምታ ወረቀት ላይ እጽፍና ቆሻሻ ልጥል ስወርድ አደርስላቸዋለሁ። የእኔንም እጨምራለሁ። ከሁለት ዓመት ወረቀት ውስጥ የእኔን አንድ ቀን ብቻ አነበቡት፤ እሱንም "ብርነሽ" ብለው። ስሜ ብርቄ ነው።

የማዳሜ እህት ከከተማው ወጣ ብሎ ባዕብዳ ኮረብታው ላይ ቤት ነበራት። እዚያ የምትሠራው ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ጥርሷ ቶሎ የማይከደን ሳቂታ። ሐሙስ ሐሙስ እመቤቷ እህቷን ለመጠየቅ ስትመጣ ይዛት ትመጣለች፤ እኔና እሷ ኩሽና ውስጥ አብረን እንሠራለን። ስልኳን ቀምተዋታል። ብቻዋን ከበር ወጥታ አታውቅም። የእመቤቷ ባል ደግሞ እጁ ፈጣን ነበር። አንድ ሐሙስ ሳህን ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ጠቁሮ አየሁት። ማየቴን ስታይ እጅጌዋን መልሳ ለቀቀችውና፣

"ብርቄ፣ እህቴ፣ አውጪኝ" አለችኝ።

ለጋሽ ምትኩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ሰዓዳ ጠየቁኝ፤ ታምማ እንደሆን፣ ትበላ እንደሆን፣ ትስቅ እንደሆን። አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም፤ ግን እሑድ እሑድ በሬዲዮ "የባዕብዳዋ ሳቂታ" እያሉ ሰላም ይሏት ነበር። ሬዲዮ ኩሽናዋ ውስጥ ነበራት።

"እሑድ ምሳ በልተው ይተኛሉ አላለችሽም? የማምነው ባለ ታክሲ አለ" አሉኝ። "ደርሻለሁ ብሎ ሲደውልልኝ ክራር እለቃለሁ። ክራር ብቻ፣ ዘፋኝ የሌለበት። ስትሰማ ትውጣ። ባለ ታክሲው የሚያውቀው ሰው ማሳፈሩን ብቻ ነው። የክራሩን ነገር ከሦስታችን ሌላ ማንም እንዳይሰማ፣ ብርነሽ።"

ሐሙስ ለሰዓዳ ነገርኳት። እጄን ይዛ ሳመችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኔና ማዳሜ ኩሽና ተቀምጠን የወይን ቅጠል እንጠቀልል ነበር። ማዳሜ ምንም አልጠየቀችኝም። ይህን አስምሩበት። አልመታችኝም፣ አላስፈራራችኝም፣ ምንም እሰጥሻለሁ አላለችኝም። ቅጠሉን ዘረጋሁ፣ ሩዙን አደረግኩ፣ ጠቀለልኩ፤ ከዚያ አፌ ተከፈተ።

"ማዳም፣ ነገ በሬዲዮ ክራር ብቻ ሲመጣ ሰዓዳ ትጠፋለች።"

ለምን አልኩት? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ! ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ማንም አላስፈራራኝም። እናቴ ታማብኝ አእምሮዬ ተነክቶ ነው እላለሁ፤ እናቴ ያን ጊዜ ደህና ነበረች። እውነቱን አሁን ልናገር፤ ቀናሁ። ያን ድምፅ ለሁለት ዓመት ለራሴ ብቻ አድርጌ ኖሬ፣ እኔ ወረቀት ተሸካሚዋ ብርነሽ፣ እሷ የባዕብዳዋ ሳቂታ። የሰው ክንድ ጠቁሮ አይቼ ቀናሁ። እኔ ይህች ነኝ።

ማዳሜ የያዘችውን ቅጠል ጠቅልላ ጨረሰችና "ነገ አብረን እንሰማለን" አለች።

እሑድ ሬዲዮው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋሽ ምትኩ ሰላምታ አነበቡ፣ ሁለት ዘፈን አሰሙ። ከዚያ "ለባዕብዳዋ ሳቂታ" አሉ፤ ክራሩ መጣ። ማዳሜ ወደ እኔ ዞረች።

"ሃይዳ?" አለችኝ። ይሄ ነው?

አይደለም ማለት እችል ነበር። አማርኛ አታውቅም፣ ክራር አታውቅም፤ "ላ፣ ማዳም" ብል ኖሮ ሰዓዳ ታክሲው ውስጥ ትሆን ነበር። ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያስያዝኳት፤ አንዴ በአፌ፣ አንዴ በአንገቴ።

ማዳሜ ስልኩን አነሳች። ሰዓዳን ደረጃው ላይ ያዟት። በማግስቱ ከተቆለፈባት ክፍል በበልኮኑ በኩል ልትወርድ ስትሞክር ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ በምርኩዝ ወደ አገሯ ላኳት።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ምትኩ ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ብርቄ" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ። "ማን ይመስልሻል?"

"እኔ እንጃ፣ ጋሼ።"

"ድምፄ ይሆናል። ክራሩን ሳስገባ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሆነ ሰው ጠርጥሮ ይሆናል። እኔ ነኝ ያስያዝኳት።"

እኔም ቆሻሻዬን ይዤ አለፍኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክራር አሰምተው አያውቁም።

ሰዓዳ ከከሚሴ ትደውልልኝ ነበር። ልታወጣት የደከመች እህቷ እኔ ነኛ! "ከሦስታችን ማን ቀረ? ያ ሰውዬ ነው። አላህ ይጠይቀው፤ ድምፁ ይዘጋ" ትለኛለች። እኔም "ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው" እላታለሁ። አያችሁ ጽድቄን? ጋሽ ምትኩ ደግሞ "ሰዓዳ ምን አለች?" ሲሉኝ "ሰላም ብላለች" እላቸዋለሁ። እንዲህ በሁለቱ መካከል ቆሜ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

ዘንድሮ ጋሽ ምትኩ ስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። ጣቢያው እስከ አርባቸው ድረስ እሑድ እሑድ በዚያው ሰዓት የድሮ ቅጂያቸውን ላሰማ አለ።

የመጀመሪያው እሑድ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ከላይ ከታች፣ ከማዶ፣ ከየበልኮኑ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ጋሽ ምትኩ "እህት ዓለም፣ እንደምን ዋልሽ?" አሉ። ከማዶ ያለችው ልጅ እጇ ገመዱ ላይ እንደተዘረጋ ቀረች። ከላይ ያለችው ደግሞ "ደህና ነኝ፣ ጋሼ" ብላ መለሰች፤ በሕይወት እንዳሉ። ከቀበርናቸው አምስተኛ ቀናቸው ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ያን ቀን አመጡት። "ለባዕብዳዋ ሳቂታ" ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ሰማሁ፤ ረጋ ያለ፣ የጠራ፣ እንደ ሁልጊዜው። ስምንት ዓመት የወቀሱት ድምፅ ምንም አላጠፋም ነበር። ከዚያ ክራሩ መጣ።

ኋላዬ ሰው የቆመ መሰለኝ። ዞርኩ። ማዳሜ ናት።

ማዳሜ አርጅታለች። አእምሮዋ ከሄደ ሰንብቷል፤ ስሜን አታውቅም፣ የልጆቿን ስም አታውቅም። ካልደገፍኳት ከሶፋ አትነሳም። አሁን ግን የኩሽናው በር ላይ ብቻዋን ቀጥ ብላ ቆማለች። ዓይኗ ጥርት ብሏል።

"ሃይዳ?" አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"ያላ፣ እህቴ ጋ ደውዪ። ልጅቷ ልትወጣ ነው።"

እህቷ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። ማዳሜ ዓይኗን ሳትነቅል አንገቴን ታያለች፤ እስክነቀንቅ ትጠብቃለች። እመኑኝ፣ አንገቴ በራሱ ጊዜ ዝቅ ሊል ሲጀምር ተሰማኝ። በሁለት እጄ አገጬን ያዝኩት። ክራሩ እስኪያልቅ እንደዚያ ተፋጠጥን። ሲያልቅ ዓይኗ ደፈረሰ፤ "ውሃ" አለችኝ።

ውሃ ሰጥቼ አስተኛኋትና ከሚሴ ደወልኩ።

"ሰዓዳ፣ ጋሽ ምትኩ አይደሉም። እኔ ነኝ የተናገርኩብሽ" አልኳት። ሳልተነፍስ ሁሉንም ነገርኳት፤ የወይን ቅጠሉን፣ ቅናቴን፣ የነቀነቅኩትን።

ዶሮ ሲንጫጫ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣

"ስምንት ዓመት ሙሉ ስረግማቸው ትሰሚኝ ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"ተይው እያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ምን በድዬሽ ነው?"

"ምንም።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"የት ነው የተቀበሩት?"

"እዚሁ፣ ቤሩት።"

"እኔ መምጣት አልችልም። ሂጂና መቃብራቸው ላይ ቆመሽ፣ ሰዓዳ ይቅር በሉኝ ብላለች በይልኝ። ያን ብቻ በይ። የራስሽን እንዳትጨምሪ።" ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም፤ ስደውልም አታነሳም።

በማግስቱ ማዳሜን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሄድኩ። ድንጋይ ገና አልቆመላቸውም፤ ስማቸው እንጨት ላይ ተጽፏል። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። "ጋሽ ምትኩ፣ ሰዓዳ ይቅር በሉኝ ብላለች" አልኩ፤ ከፍ አድርጌ፣ እንዲሰማ።

ጉልበቴ ሊንበረከክ ፈለገ። አፌም ሌላ ቃል ይዞ ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩበት። የራሴን አልጨመርኩም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ጋሽ ምትኩ እንዳልነበሩ ብቻ እወቁልኝ።