ጀማልን ያስዋጥኩት መድኃኒት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ።

ጀማል ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ የሞያሌ ሰው ነበር። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ለሥራ ናይሮቢ ስገባ እንደ ታላቅ ወንድም የተቀበለኝ እሱ ነው። አንድ ሰሞን ተቅማጥና ትውከት ጣለው። ልጠይቀው ስሄድ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ሚስቱ ዘሃራ፣ «ወንድሜ፣ ሐኪም ሳያየው ምንም እንዳትሰጠው» አለችኝ። እኔ ግን ለጥርሴ የታዘዘልኝ ብርቱ ማስታገሻ ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። ጓዳ ስትገባ አስዋጥኩት። ሲያቃስት ደገምኩለት። እኔ ነኝ ያስዋጥኩት፣ ሌላ ማንም አይደለም።

በማግስቱ ራሱን ሊስት ሲል ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ በስዋሂሊ፣ «ማስታገሻ ወስዷል?» ብሎ ጠየቀ። ዘሃራ ቀድማኝ፣ «ምንም አልወሰደም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አይደል ወንድሜ?»

«አዎ፣ ምንም» አልኩ።

ነርሷ ማስታገሻ መርፌ ስትወጋው ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? የዘሃራን ዓይን ፈርቼ!

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ በኋላ አልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ባዶ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ አስረዳኝ። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ ፈሳሽም ስላለቀበት የደም ግፊቱ ወርዷል። ኩላሊቱ በቂ ደምና ኦክስጅን አያገኝም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ደግሞ ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደውን ሥር ያጠባል። «መርፌውን ባንሰጠው ይሻል ነበር» አለ። «ደግነቱ ከዚያ በፊት አልወሰደም።»

ያኔም ዝም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ፣ እያወቅሁ።

ኩላሊቱ አልተመለሰም። ደሙን የሚያጣራ ማሽን ላይ እንዳለ ጀማል ሞተ። ዘሃራ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ቶሎ ባመጣው ኖሮ» እያለች ደረቷን ስትደቃ እጇን ይዤ፣ «የአላህ ፈቃድ ነው» አልኳት። እኔ! በዚያ አፌ!

መድኃኒቱ ባይኖርስ ይሞት ነበር? አላውቅም፤ አለማወቄን ግን መሸሸጊያ አላደርገውም። ዘሃራ ዛሬም ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ይቅርታ የምለምነው እሷን እንጂ አንተን አይደለም። ከእሷ በፊት ለአንተ መንገሬም ያው ፈሪነቴ ነው።