ሳልከራከር የገዛሁት የዐረፋ በግ

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ

ከቤት የወጣሁት በግ ለመግዛት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በግ ሊገዛ ሰንበቴ ድረስ የሚሄድ ሰው ጤነኛ እንዳልሆነ ባለቤቴ ዘይነባ ሳምንቱን ሙሉ ስትነግረኝ ሰነበተች። አልፈርድባትም። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ልግዛ ብዬ ወጥቼ፣ ነጋዴው ለተሸካሚዎቹ አይከፍልም ሲሉ ሰማሁና ሁለት ሰፈር አቋርጬ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመልሻለሁ። ጫማዬ ከተቀደደ ስድስት ወሩ ነው፤ ሠራተኛውን የማይበድል ጫማ ሠሪ እስካገኝ ብዬ እንደተቀደደ አደርገዋለሁ።

የበጉ ነገር ግን ከሁሉም ይከብዳል። አምና ለዐረፋ አንድ ሽማግሌ ላይ ጨክኜ ተከራክሬ በርካሽ ገዛሁ። ስከፍላቸው ብሩን ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱና "በቃ፣ ምን አደርጋለሁ" አሉ። ቃላቸው ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። የሰው ሐቅ ያለበት እርድ አላህ ፊት ምን ዋጋ አለው? ዘንድሮ ከራሱ ከአርቢው፣ ያለ ደላላ፣ ባለቤቱ በጠራው ዋጋ እገዛለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፤ ጣርማ በር ዋሻው ጉም ውስጥ ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን በመስኮት ፓፓያ ገዛን፣ አንዱን በአምስት ብር። ሻጯ የጠራችውን ከፈልኩና ደስ አለኝ።

ሰንበቴን አልፈን ወደ ጨፋ ሜዳ ስንገባ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ቆሟል፣ ዘለላው ግን ቀላል ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ገበሬ፣ "ዝናቡ ቶሎ ወጣ። ፍሬ አልያዘም። ሰዉ አሁን እንስሳ እየሸጠ ነው የሚበላው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ልገዛ እየሄድኩ ነበር።

ከሚሴ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። የሰንበቴ ገበያ እሁድ ስለሆነ ለማደር ባጃጅ ይዤ የአክስቴ ልጅ ጦይባ ቤት ሄድኩ። አባቴ የዚሁ አገር ሰው ነበር፤ ጦይባ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የምትነግድ ናት። የመጣሁበትን ስነግራት ሳቀች።

"ያለ ደላላ? ታዲያ ማን ዋስ ይሆንሃል?"

"ዋስ ምን ያደርግልኛል? ብር እሰጣለሁ፣ በግ እቀበላለሁ።"

"ይሄ ሱቅ መሰለህ እንዴ? እዚህ ደላላ ማለት በጉ የሻጩ መሆኑን የሚያውቅ፣ ነገ ነገር ቢመጣ የሚቆም ሰው ነው። ስትደርስ እንድሪስን ፈልገው፤ ሽበታም ሰውዬ ነው፣ የማያውቀው የለም።"

እሺ አልኳት። በልቤ ግን ደላሎች ድርሻቸውን ለማግኘት የፈጠሩት ነገር ነው አልኩ።

እሁድ፣ ሰንበቴ

በሚኒባስ ወደ ኋላ ተመልሼ ሰንበቴ ገበያ ደረስኩ። ከቆላ የመጡት አፋሮች ፍየልና ግመላቸውን ይዘው ባንድ ወገን፣ ደገኞቹ በሌላ ወገን ቆመዋል። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት ነው። እየዞርኩ ቆየሁና ዳር ላይ አንድ በግ ይዘው የተቀመጡ ሴት አየሁ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የጠገበ ቀይ በግ ነው።

"አካም ቡልታኒ?" አልኩ፣ እንዴት አደሩ ለማለት ከአባቴ የቀረችኝን ኦሮምኛ አውጥቼ።

"ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሃምዱሊላህ። ደህና ነህ ልጄ?"

ዘሀራ ይባላሉ፤ ባላቸው ሞቷል፤ በጉን ከግልገልነቱ ያሳደጉት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ታማ ማክሰኞ ደሴ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላት። ዋጋውን ጠየቅኩ።

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ።"

ስዞር እንደሰማሁት እንዲህ ያለው በግ ከአንድ ሺህ አራት መቶ አይበልጥም። እሳቸውም እንዲቀነስ ብለው ነው የጠሩት።

"እሺ" አልኩ።

"እሺ ምን?"

"የጠሩትን እከፍላለሁ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "እንድሪስ ይምጣ እንጂ ልጄ። ለሶላት ሄዶ ነው።"

"ደላላ ለምን ያስፈልገናል? ሐቅዎትን ማንም እንዲቆርጥብዎ አልፈልግም። ወላሂ፣ ለአላህ ብዬ ነው።"

እንግዳ ሰው የአላህን ስም ጠርቶ ሲለምን እንቢ ማለት ከበዳቸው። ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ አዩና ገመዱን ሰጡኝ። እኔ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ከላዬ የወረደ መሰለኝ።

መውጫው ላይ ቀረጥ የሚቀበለው ሰው ደረሰኝ ሊቆርጥልኝ ጀምሮ፣ "ዋስህ ማነው?" አለኝ።

"ዋስ የለኝም። ከበጉ ባለቤት ከሴትየዋ ነው የገዛሁት፣ የጠራችውን ከፍዬ።"

እንደ መልካም ሥራ ነበር ጮክ ብዬ የተናገርኩት። በአጠገቡ የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ በጉ ተጠጉ።

"ሳትከራከር?" አለ አንዱ። "የተሰረቀ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚህ የሚገዛ።"

ሌላው የበጉን ግንባር አገላብጦ አየ። ባለፈው ሳምንት ቀይ በግ ጠፍቶበታል። ሴትየዋ ትጠራ ተባለ።

ዘሀራ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሰው መሃል መጡ። "በጉ የኔ ነው" አሉ።

"ያንቺ ከሆነ እንድሪስን ለምን ሸሸሽው?" አለ በግ የጠፋበት ሰውዬ።

ዘሀራ ዞረው አዩኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የለመንኳቸው ብዬ ተናገርኩ፤ የገዢ ቃል ለሻጭ ምስክር እንደማይሆን ነገሩኝ። እኒያ ሴት በሃምሳ ዓመታቸው ገበያ መሃል ሌባ አይደለሁም ብለው ማሉ። እኔ የበጉን ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር። አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

እንድሪስ ሲደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። በጉን አንድ ጊዜ አየው። "የሷ ነው። የእናቱን ሽያጭም ያስማማሁ እኔ ነኝ። ለበጉ እቆማለሁ። እኔ በሌለሁበት ለተደረገው ሽያጭ ግን አልቆምም። ከመጀመሪያው ይደረግ።"

ብሬ ተመለሰልኝ። በዚያ ሰዓት ነጋዴው ግመሉን እየጫነ ገበያው ሳስቷል፤ ነገር የተነሳበትን በግ የሚጠይቅ ሌላ ገዢም አልመጣም። እንድሪስ የሁለታችንንም እጅ ያዘ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብዬ ልጀምር ስል ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ።

"ከፍ ባደረግህ ቁጥር ጥርጣሬው በሷ ላይ ነው የሚከብደው። እንደ ሰው ግዛ።"

በአንድ ሺህ ሁለት መቶ አጨባበጠን። የቀረውን ስድስት መቶ አጥፌ በዘሀራ እጅ ላስጨብጥ ስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ተው ልጄ፣ ሰው ያያል። እስካሁን ያደረግህልኝ ይበቃኛል።"

እንድሪስ የድለላውን ሃምሳ ብር ከኔ ተቀበለና ለሳቸው ሰጠ፤ "ለደሴ መሳፈሪያ" አለ። ከሱ እጅ ተቀበሉ።

መልስ

በጉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማሰር ጭካኔ መስሎኝ፣ አይሱዙ መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ጭኜው አብሬው ተቀመጥኩ። ጣርማ በር ላይ ዝናብ ደበደበን። በጉ እግሬ ላይ ተኛ።

ሌላ ሰው ከጉዞ የሚያመጣውን ትምህርት እኔም አመጣሁ፣ ግን አላኮራኝም። የሴትየዋን ሐቅ ላስከብር ብዬ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ስድስት መቶ ብር ከሚያወጣ ነገር በላይ አጥተዋል። እኔ ሳስብ የነበረው ስለራሴ ንጹህነት ነው፤ እሳቸው "እንድሪስ ይምጣ" ሲሉ ብሰማ ኖሮ በደህና ዋጋ ሸጠው፣ ስማቸውም ሳይነሳ ቤታቸው ይገቡ ነበር። አምና በዳይ መሆኔን አውቄ ነው የበደልኩት፤ ዘንድሮ ደግሞ እየተደሰትኩ።

ዐረፋ ዕለት ጠዋት በጉን ግቢ ውስጥ አቆምኩት። ዘይነባ ፊቴን አይታ ውሃ ልታመጣ ገባች። ጎረቤታችን ከማል ቢላውን ይዞ ሊያግዘኝ መጣና ጀርባውን ዳበሰው።

"ስንት ገዛኸው?"

"አንድ ሺህ ሁለት መቶ።"

"ወላሂ? እኔ ይሄን የማያክል በሁለት ሺህ ነው የገዛሁት።" ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ለከርሞ ለኔም አንተው ግዛልኝ። አንተ ታውቅበታለህ።"

እግሩን ያዝልኝ አልኩት።